የጨርቁ ቀለም

ነአኩቶ ለአብ ዋሻ በር ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚሸተው እርጥብ ድንጋይ ነው። ዕጣኑ ቀጥሎ ይመጣል። ከዕጣኑ ሥር የጧፉ ሰም አለ፤ ልብስ ላይ አርፎ እስከ ማታ የሚከተል፣ ማር ማር የሚል ሽታ።

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ቀለም ፖሊሽ እያደረገ የሚተዳደር አንድ የላስታ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ በኅዳር ወር አገሩ ገብቶ እዚያ በር ላይ ሲቆም፣ ሰሙ ያስታወሰው ቅዳሴን አይደለም። ላምባን ነው። ሰምና ላምባ አንድ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ሞቀው፣ በአሮጌ ካናቴራ ተነክረው ነጭ ላንድክሩዘር ላይ ሲታሹ የሚሰጡትን ሽታ። «እዚህ ቆሜ መኪና ሸተተኝ» ብሎ አብሮት ለነበረው ዘመዱ ነገረው። ዘመዱ አማተበ።

ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ነአኩቶ ለአብ ከላሊበላ ከተማ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ወደ ኤርፖርት ከሚወስደው መንገድ ገባ ሲሉ የሚገኝ፣ ከገደል ሥር በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙን የሰጠው ንጉሥ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ሲሆን፣ ከዛጉዌ ነገሥታት የመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው የሚያርፍባቸው ድንጋዮች መሐላቸው ጎድጉዶ ጠበሉን ያቁራሉ። መኪና እስከዚያ አይደርስም። ላይ ይቆምና እንግዳው በእግሩ ይወርዳል፤ ካህኑ መስቀሉን፣ ዘውዱን፣ የብራና መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያወጡ ያሳዩታል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ይጠየቃል፤ ይተረጎማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሾፌሩ ላይ ነው። ሾፌር ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ የዛሬው ባለ ፖሊሽ እዚያ ላይ ሊስትሮ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ብሩሽ፣ አንድ ቆርቆሮ ኪዊና ከአሮጌ ኮት ገበር የተቆረጠ ማንጸባረቂያ ጨርቅ ነበሩት። ገበያው ግን ደካማ ነው። ፈረንጁ የሚመጣው ሸራ ጫማ አድርጎ ነው፤ የአገሩ ሰው በረባሶ ወይ ባዶ እግሩን ነው። የሚወለወል ቆዳ የተጫሙት ሾፌሮቹ ብቻ ነበሩ።

ከእነሱ አንዱን ዛሬም ስሙን ሳይሆን «ጋሼ» እያለ ነው የሚያነሣው። ጋሼ የአዲስ አበባ ሰው፣ የአስጎብኚ ድርጅት ሾፌር፣ እጅጌውን ሳይጠቀልል ከመሪ የማይቀመጥ ሰው ነበር። ልጁ ጫማውን ጨርሶ ለምርቃት ያህል የመኪናውን ፓራፋንጎ በዚያው ጨርቅ ጠረግ ሲያደርግለት ሰውየው ከተቀመጠበት ድንጋይ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«ተው! ተው አንተ ልጅ! በደረቁ አትንካት!»

ያኔ ከወልድያ የሚመጣ መኪና፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን በሠሩት የወልድያ ወረታ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ጋሸና ላይ ይታጠፍና 64 ኪሎ ሜትር ፒስታ ይጠብቀው ነበር። ላሊበላ ሲደርስ ነጩ ቡናማ ሆኗል። ያ አቧራ እጅ ላይ እንደ ዱቄት ይልማል፤ ነገር ግን የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከመኪና ቀለም የጠነከሩ ቅንጣቶች አሉበት። ደረቅ ጨርቅ ሲጫነው ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ በብዛት ይፈስበታል፤ አቧራው ከውሃው ጋር ይወርዳል፤ እጅ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ከወንዝ በጀሪካን ሽቅብ ለሚቀዳ ውሃ ይህ ቀላል ትእዛዝ አልነበረም። ጋሼ ግን ለጀሪካኑ እየከፈለ ያስቀዳ ነበር።

ከጨርቅም የባሰ ጣት አለ። በየቆመችበት ሕፃናቱ አቧራ በለበሰችው መኪና ላይ ይጽፋሉ፤ ስማቸውን፣ መስቀል፣ ከፊደል ገበታ የደረሱበትን ያህል። ሾፌሩ ያጥባታል፤ አቧራው ይሄዳል፤ ጽሑፉ ይቀራል። ጣቱ አሸዋውን ይዞ ቀለሙ ላይ ጎትቶታልና። እኩለ ቀን ላይ ምንም አይታይም። ጠዋትና ወደ አሥር ሰዓት ግን፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ፣ በሩ ላይ ፊደል ይነበባል። የጋሼ መኪና የኋላ በር ላይ ቁልጭ ያለ «ለ» ነበር። የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ከዚያ መንደር ልጆች የስንቱ ስም በ«ለ» ይጀምራል።

«ና እስቲ አውራ ጣትህን» አለው ጋሼ። የልጁን ጥፍር ይዞ በፊደሉ ላይ አቋርጦ ጎተተው። ጥፍሩ ሳይደናቀፍ አለፈ። ከዚያ ወደ ፊተኛው በር ወሰደው፤ የቀጋ እሾህ በረጅሙ የቧጨረው ሰንበር አለ። እዚህ ጥፍሩ ገብቶ ተያዘ።

«ያኛው ይወጣል። ይኼኛው አይወጣም፤ ባትላሜራና ቀለም ቀቢ ነው የሚፈልገው። ገባህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አልገባህም። ይገባሃል።»

ይህች የጥፍር ፈተና የጋሼ ፈጠራ አይደለችም። ቶኪዮም ያለ ባለሙያ ቺካጎም ያለ የሚጀምረው በእሷ ነው። ሁለተኛዋ ፈተና ውሃ ናት፤ ጭረቱ ላይ ጠብ ሲደረግ ለጊዜው የሚሰወር ከሆነ ከላይኛው ሽፋን አላለፈም ማለት ነው። ጭረት ዓይን ውስጥ የሚገባው ጠርዙ ብርሃን ስለሚበትን ነው። ለስላሳ ቀለም ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ የተሰነጠቀ ጠርዝ ደግሞ በየአቅጣጫው ይረጨዋል። ስለዚህ ፖሊሽ የሚሠራው ሥራ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጭረቱን መሙላት አይደለም። ዙሪያው ያለው ቀለም እየተፋቀ ይወርዳል፤ ወርዶ ወርዶ ከጭረቱ ወለል ጋር ሲስተካከል «ጠፋ» ይባላል።

ለሊስትሮ ይህ ግራ የሚያጋባ ትምህርት ነበር። ጫማ ላይ ይቀባል፣ ይደረባል፣ እንደገና ይቀባል፤ የሚያበራው የተጨመረው ነው። መኪና ላይ የሚያበራው ከተወሰደው በኋላ የቀረው ነው። ጋሼ ይህንን በቃል አላስረዳውም። በካናቴራ ቁራጭ ላይ ከአንዲት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ግራጫ ቅባት በጣቱ ነካ አድርጎ ሰጠውና «ለ»ዋን እሻት አለው። ልጁ አሸ። «ገልብጠህ እይ።» ጨርቁ ነጭ ሆኗል። ቅባቱ ግራጫ ነበር፤ ጨርቁ ላይ ያለው ግን ወተት የመሰለ ነጭ ነው።

«እቺ ጨርቅ ላይ ያለችው መኪናዬ ናት» አለ ጋሼ። «ስለዚህ ቀስ።»

የዚያ ዘመን ነጭ ቶዮታዎች ብዙዎቹ የቀለም ቁጥራቸው 040 ነው፤ ፋብሪካው ሱፐር ዋይት ሁለት ይለዋል። ከላዩ ግልጽ ሽፋን የለውም፤ የላይኛው ገጽ ራሱ ቀለሙ ነው። እንዲህ ያለ ቀለም ሲታሽ በጨርቁ ላይ ይመሰክራል። ዛሬ አብዛኛው መኪና ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ግልጽ ሽፋን ስላለው ጨርቁ ላይ ምንም አይታይም፤ ሽፋኑ ግን ያው እየሄደ ነው። የክሊሩ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የሰው ጠጉር 70 ማይክሮን ያህል ነው። ባለ ፖሊሹ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ከጠጉር በሚያንስ ውፍረት ላይ ነው ማለት ነው፤ ያውም ከዚህ ውስጥ ለፀሐይ መከላከያ መቅረት ያለበት አለ። ጋሼ ማይክሮን የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር። ጨርቁን እየገለበጠ ያይ ነበር።

በእጅ ማሸት የቆየ ሥራ ነው። እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) መኪና በብሩሽ ቫርኒሽ ይቀባ ነበር፤ ደርቆ ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ፎርድ ሞዴል ቲን ከ1914 እስከ 1925 (እ.ኤ.አ.) በጥቁር ብቻ ያወጣው በዚህ ጣጣ መካከል ነው። ከዚያ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ዱኮ የሚል ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ለጄኔራል ሞተርስ ሠራ፤ በኦክላንድ መኪኖች ተጀመረ። ዱኮ ፈጥኖ ቢደርቅም ደብዝዞ ነው የሚደርቀው፤ የሚያበራው ታሽቶ ነው። ስለዚህ መታሸት ያኔ የጉዳት ጥገና ሳይሆን የፋብሪካው የመጨረሻ ሥራ ነበር። ከቀለም በላይ ክሊር መደረቡ የተስፋፋው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

አስተሻሸቱን ባለ ፖሊሹ ዛሬም በጋሼ እጅ ነው የሚያየው። ካናቴራው አራት ይታጠፋል፤ ስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስፌት ይጭራልና። አንድ ጊዜ የሚሠራው ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ ቦታ ነው። ኮፈኑ ፀሐይ ላይ ውሎ ከሆነ እጅ እስኪያስችል ይጠበቃል፤ የጋለ ብረት ላይ ቅባቱ ሥራውን ሳይሠራ ይደርቃል። መጀመሪያ እጁ ጫን ይላል፤ ጨርቁ ሸርሸር የሚል ድምፅ አለው። ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል፤ በቅባቱ ውስጥ ያለው ሻካራ ዱቄት እየደቀቀ ነው። ድምፁ ሲጠፋ እጁም ይቀላል። እንቅስቃሴው ከፊት ወደ ኋላ፣ ውሃ በሚወርድበት መስመር ነው፤ እያዞሩ ማሸት የለም። ያዞሩበት መኪና ፀሐይ ሲመታው የሸረሪት ድር የተደራበት ይመስላል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያልፉት ጥቋቁር መኪኖች ስንቱ ድሩን ለብሶ እንደሚሄድ ለማየት አንድ ጠዋት መንገድ ዳር መቆም ይበቃል።

ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጋሼ እጁን ያነሣ ነበር። የኮፈን ጫፍ፣ የበር መታጠፊያ፣ የፓራፋንጎ ሸንተረር፤ ቀለም ከሁሉ የሚሳሳው እዚያ ነው። አንድ ሁለት እሻታ የበዛበት ጠርዝ ግራጫ አስተሩን ያሳያል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ልጁ ጠርዝ እንዲነካ የተፈቀደለት በሁለተኛው ዓመት ነው።

ሰሙስ? ሰሙ ከማሸት በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር። ጋሼ ከውጭ የሚመጣው የቆርቆሮ ሰም ሲያልቅበት ከገበያ ንጹሕ የንብ ሰም ይገዛና በላምባ ያቀልጠዋል። ላስታ የማር አገር ነው፤ ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንብ እንደከበበው ይተረካል፤ ብልባላ ጊዮርጊስም በግድግዳው በሰፈሩት ንቦች ማር የታወቀ ነው፤ ፈውስ ነው ይባላል። በጣሳው ውስጥ ሰሙ ሲቀልጥ ከላይ ወርቅማ አረፋ ይይዛል፣ ላምባው ዓይን ያቃጥላል፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ለስለስ ያለ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ግማሹ ጋራዥ የሆነ ሽታ ይወጣል። አንድ ቀን ከዋሻው የወጡ ካህን ጣሳው ውስጥ አይተው «ይህ እኮ ለጧፍ ነው የሚሆነው» አሉት።

«አባ፣ እሷም መንገድ ላይ ታብራለች» አለ ጋሼ።

ካህኑ ሳቁ። ቢሆንም የሰሙን ቁራጭ አስቀርተው ይዘው ወረዱ።

እውነቱን ለመናገር ሰምና ላምባ ጥሩ መድኃኒት ነበር ማለት ያስቸግራል። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ የላስታ ፀሐይ ላይ የዋለ ኮፈን ያንን ሙቀት ባይደርስበት እንኳ ሰሙን ለማላላት አይቸግረውም፤ የላላ ሰም ደግሞ አቧራ ይጠራል። ውጭ አገር የሚጠቀሙበት፣ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ከሁሉ በላይ ሰም ጭረትን ይሸፍናል እንጂ አያወጣም። ገባ ብሎ ይሞላዋል፣ ብርሃኑ አይበተንም፣ ባለመኪናው ይደሰታል፤ ሁለት ጊዜ በኦሞ ከታጠበ «ለ»ዋ ተመልሳ በሩ ላይ ናት። ጋሼ ይህን ያውቅ ነበር። ሰም የሚቀባው ከታሸ በኋላ ብቻ ነው። አሽቶ ሳይሆን ቀብቶ የሚያስረክበውን ሁሉ «ሜካፕ» ይለው ነበር።

በመቀባትና በመፋቅ መካከል ያለው ጠብ ላሊበላ ላይ በመኪና አልተጀመረም። የላሊበላ ቤተ መቅደሶች ራሳቸው ድንጋይ እየተቀነሰ የወጡ ናቸው፤ አንድም የተጨመረ የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገው ጥገና ውሃ እንዳይገባ ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ። ልባሱ ድንጋዩን የሚጠብቅ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው መግቢያ ቢያገኝም መውጫ አጣ። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ዓለም አቀፉ የሐውልቶች ፈንድ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ሥራ ሲጀምር፣ ከሥራው አንዱ ያንኑ ልባስ ማንሣት ሆነ። ጥርብ ድንጋይ ላይ የተለጠፈን ሬንጅ ድንጋዩን ሳይነኩ ማንሣት ምን ያህል ቀስ ያለ እጅ እንደሚጠይቅ፣ ኮፈን ላይ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው መገመት አያቅተውም። ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

የያኔው ሊስትሮ በኅዳሩ ጉብኝት ዋሻው በር ላይ ቆሞ ሳያስበው አንድ ነገር አደረገ። ብዙ እግር የተመላለሰበትን የደጃፍ ድንጋይ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ጥፍር አቋርጦ ሳበው። ጥፍሩ አልተያዘም። «ማን አሸው?» አለ። ዘመዱ አሁን አላማተበም፤ «አንተ ታመሃል» ብቻ አለው።

ላይ፣ መኪናው በሚቆምበት ሜዳ፣ መኪና የለም። ያኔ በገና ሰሞን ላንድሮቨሩ፣ ላንድክሩዘሩ፣ ሚኒባሱ ቦታ አጥቶ ይጋፋበት የነበረ ቦታ ነው። ምክንያቱን እዚያ አካባቢ የሚጠይቅ የለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በ2013 ሐምሌ መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ገባ፤ እስከ 2014 ታኅሣሥ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። እንግዳ መመለስ ጀመረ ሲባል ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ላንድክሩዘር የነበረው ሸጠ፤ ያልሸጠው አቆመ። አስጎብኚው ሱቅ ከፈተ፤ ሊስትሮው ባጃጅ ያዘ፤ ባጃጁም ነዳጅ ሲጠፋ ቆመ።

ከተማው ውስጥ በአንድ ዘመዱ ጓሮ ሸራ የለበሰች አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር አገኘ። የጋሼ አይደለችም፤ ያቺ የት እንዳለች አያውቅም። ይህቺም ግን 040 ናት። ሸራውን ገልጦ ኮፈኑን በመዳፉ ሲዳብሳት መዳፉ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ማንም ሳያሻት፣ ፀሐይ ብቻዋን ቀለሙን ዱቄት አድርጋዋለች። ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትወጣ ፀሐይ ቆላ ላይ ካለችው ይልቅ ጨረሯ የበረታ ነው፤ በዚያ ላይ የቆመ መኪና የሚያጥበውና ሰም የሚቀባው የለውም። ሸራውም በነፋስ እየተንቀሳቀሰ፣ ሥሩ የገባውን አቧራ እያንከባለለ ጣሪያዋን አሽቷታል፤ ያውም እያዞረ።

ሰውየው ከአዲስ አበባ ያመጣው ዕቃ የለም። ከገበያ ባዘቶ ገዛ፤ ካናቴራውን አወለቀ፤ ከሻንጣው ኮልጌት አወጣ። የጥርስ ሳሙና ለጭረት ይሆናል የሚባለው ወሬ ውሸት አይደለም፤ ጥርስ የሚያጸዳው ስስ ዱቄት ቀለምንም ይፍቃል። ግን ደካማ ነው፤ አንድ መዳፍ ቦታ ለማብራት ክንድ ያልቃል። ከኮፈኑ ጥግ፣ ከመብራቱ በላይ ያለችውን ያህል ብቻ ሠራ። ከዱቄቱ ሥር ነጩ ወጣ፤ ሰማዩና የጓሮው ባሕር ዛፍ ታዩባት። የመኪናው ባለቤት ቡና እያፈላች ከነበረችው ሚስቱ ጋር ወጥቶ አየው።

«ይህቺን ያህል ለመሥራት ነው ከጠዋት ጀምሮ?» አለው።

«ጋሼ ቢሆን ይህንንም አይሠራም ነበር። መጀመሪያ ውሃ ቅዳ ይል ነበር።»

ከዚህ ሁሉ የራቀው አዲስ አበባ ያለው ሥራው ነው። አሁን ማሽን አለው፤ የሚዞር ስፖንጅ፣ ሦስት ዓይነት ቅባት፣ 2000ና 3000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ብርሃኑ ቀጭን የሆነ መብራት። ማሽኑ በእጅ ግማሽ ቀን የሚወስደውን በአንድ ሰዓት ይሠራል፤ በአንድ ደቂቃ ደግሞ ያጠፋል። ስለዚህ ጠርዙን፣ የእጀታውን ሥር፣ የስፖኪዮውን ዙሪያ ዛሬም በእጁ ነው የሚሠራው። አብረውት የሚሠሩት ልጆች ይህን እንደ ሽምግልና ይቆጥሩበታል። መልስ አይሰጣቸውም። የሚላጥ ክሊር ይዞ የሚመጣ መኪና ሲኖር ጠርተው እንዲያዩ ያደርጋቸዋል።

ገበያው ደግሞ እንደ ላሊበላው አልደከመም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሉ ያለችው አሮጌ ቶዮታ ከብራለች። ድሮ «ትሂድ እንጂ» ይባልላት የነበረች ቪትዝ ዛሬ እንደ ሙሽራ ትታያለች፤ ትንሿ ጭረት ዋጋ ታስቀንሳለች፤ ደላላም የመጀመሪያ ሥራው ፖሊሽ ቤት መውሰድ ሆኗል። በሌላ በኩል ከቻይና የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዛት እየጨመረ ነው፤ ጥቁሮቹን በመጀመሪያው ወር ላቫጆ በቆሸሸ ስፖንጅ እያዞረ ያሻቸዋል፣ በሁለተኛው ወር እሱ ጋ ይደርሳሉ።

በቅርቡ አንድ ወጣት ገና የገዛትን ብርማ ቪትዝ አምጥቶለት ነበር። የቀኝ በር ላይ ስስ ጭረት አለ፤ ጥፍር አይዝም፤ በውሃ ይጠፋል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሰውየው ከመጀመሩ በፊት እንደ ልማዱ የቀለም ውፍረት መለኪያውን አወጣ። ፋብሪካ የቀባው ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይላል። ኮፈኑ 112 አለ። ጣሪያው 108። የግራ በር 115። የቀኙ በር 640 አለ።

መለኪያውን ጠርጎ ደግሞ አስቀመጠው። 640። ዝቅ አድርጎ ሞከረ፤ 900 አለፈ።

«ምንድን ነው?» አለ ወጣቱ።

«ስቱኮ ነው።»

«እንዴት ስቱኮ? ፍሬሽ ናት እኮ! ከሴት እጅ ነው የገዛኋት፣ ምንም አልነካትም ብሎኛል ደላላው።»

«ጭረቷን ላውጣልህ?»

ወጣቱ መልስ አልሰጠውም። ስልኩን አውጥቶ እየደወለ ወደ በሩ ሄደ፤ ድምፁ ከማሽኑ በላይ ይሰማ ነበር። «ሄሎ? ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ተገጭታ ነበር እንዴ?»